ወረቀቱን ሳትይዙ ከኤርፖርት አትውጡ

እቴቴያችን ዛሬ ከአዲስ አበባ ዴንቨር በሰላም ገብታለች። ሁለተኛው ሻንጣዋ ግን አልመጣም። የትኛው እንደሆነ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በርበሬና ሽሮው ያለበት።

ነገሩ የተበላሸው መጀመሪያ ያረፈችበት ደለስ ኤርፖርት ላይ ነው። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ፣ ታጉ ላይ የመጨረሻው ከተማ ቢጻፍበትም እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ባረፈበት ኤርፖርት ሻንጣውን ራሱ አንስቶ፣ ጉምሩክ አሳልፎ፣ ለቀጣዩ በረራ እንደገና ማስረከብ አለበት። እቴቴ ይህን ታውቃለች፤ ደጋግመን ነግረናታል። አንዱን አነሳች። ሁለተኛው ሳይወጣ ዊልቸሩን የሚገፋው የሀገራችን ልጅ ሰዓቱን አይቶ «እማማ፣ አውሮፕላኑ ያመልጥዎታል፤ የቀረውን እነሱ ይልኩታል» አላት። አልፈርድበትም፤ የሰው እናት ሜዳ ላይ እንዳትቀር ብሎ ነው። ደግነቱ የደም ግፊት መድኃኒቷ በእጅ ቦርሳዋ ነበር።

ዴንቨር ላይ የሻንጣ ቢሮዋ ሠራተኛ «ከአዲስ አበባ ላመጣቸው አየር መንገድ ደውሉ» አለችን። ስልኬን ከፍቼ አሳየኋት፤ ሻንጣው ውስጥ የከተትነው ኤርታግ የሚባል መከታተያ ደለስ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ቲኬቱ አንድ ነው። ሻንጣ ሲጠፋ ሪፖርቱን የሚቀበለው መጨረሻ ላይ ያመጣህ አየር መንገድ ነው፤ ይህ የተለመደ አሠራር ነው። ከጠረጴዛው አልተነሳሁም። በመጨረሻ የሻንጣ ዓይነቶች ሥዕል ያለበትን ሰሌዳ አውጥታ «ቀለሙስ?» አለች። እቴቴ «ጥቁር ነው፤ ባንዲራ አስሬበታለሁ» አለች። ከቦሌ የተነሳ ሻንጣ ሁሉ ጥቁር ነው፤ ሁሉም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ታስሮበታል። እባካችሁ ሐምራዊ ክር ግዙ። የፋይል ቁጥሩ ታትሞ ሲወጣ ነው የተንቀሳቀስነው።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ ግን ልቤ ቦሌ ነበር። ከዓመታት በፊት ሻንጣ ስጠብቅ አጠገቤ ከቤይሩት የተመለሰች ልጅ ነበረች። በእጇ ፌስታል ብቻ። ሻንጣዋ አልመጣም። ለእናቷ የገዛችው ብርድ ልብስ፣ ለወንድሞቿ ጫማ፣ የሰው ቤት ስታጥብ የኖረችበት ዘመን በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። አንዱ ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ነገ ተመለሺ» አላት። ነገ የት ሆና? የምትሄደው ወሎ ነው፤ የሀገር ውስጥ ስልክ የላትም፤ አዲስ አበባ የምታርፍበት ዘመድም የላትም። ወረቀት አልሰጧትም፤ መጠየቅ እንዳለባትም የነገራት የለም። ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወጣች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለባለ ቢዝነስ ክላሱ ሻንጣ ተሯሩጠው ሲፈልጉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሕጉ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ኢትዮጵያንም ያስገድዳል። በዓለም አቀፍ በረራ ሻንጣ ሲጠፋ፣ ሲበላሽ ወይም ሲዘገይ አየር መንገዱ ለአንድ መንገደኛ እስከ 1,519 ኤስዲአር (ዓለም አቀፍ የሂሳብ መለኪያ) ድረስ ይጠየቃል፤ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ይህ ጣሪያው ነው፤ የጠፋውን ዋጋ ማስረዳት የአንተ ፋንታ ነው። ስለዚህ ሻንጣው ሳይዘጋ ውስጡን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ደረሰኝ ካለ አስቀምጡ። ወርቅ፣ ገንዘብ፣ ሰነድ፣ መድኃኒት ጭራሽ ወደሚጫነው ሻንጣ አይግቡ። ስማችሁንና ስልካችሁን የጻፋችሁበት ወረቀት ከውጭ ብቻ ሳይሆን ውስጥም አኑሩ፤ የውጪው ይቀደዳል፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ሻንጣ ደግሞ ሊሸጥ ይችላል። አላባማ ውስጥ ስኮትስቦሮ በምትባል ከተማ ባለቤታቸው ያልተገኘ ሻንጣዎችን ከአየር መንገዶች ገዝቶ ዕቃቸውን የሚቸረችር ሱቅ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ አለ። የሰው ነጠላ እዚያ ተሰቅሎ ይሆናል ብዬ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ቼክ ኢን ላይ የሚሰጧችሁን ባለ ባርኮድ ቁራጭ ወረቀት አትጣሉ። ያቺ ቁራጭ ናት ሻንጣችሁን ከሚሊዮን ጥቁር ሻንጣ የምትለየው። የተጻፉት ሦስት ፊደላት የምትሄዱበት ከተማ መሆናቸውን እዚያው ጠይቁ። ሻንጣው ሲዘገይ የገዛችሁትን የግድ የሚያስፈልግ ልብስና ሳሙና በደረሰኝ አስመዝግቡ፤ ክፈሉኝ ማለት ይቻላል። ተሰብሮ ከመጣ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከመጣ ከተረከባችሁበት ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቱ። መምጣት ከነበረበት ቀን 21 ቀን ካለፈው እንደጠፋ ይቆጠራል፤ ክስ ለመመሥረት 2 ዓመት አላችሁ። የስልክ ንግግር አይበቃም። ኢሜይል ይሁን ደብዳቤ፣ የተጻፈ ይሁን።

ደግሞ «እንደውላለን» ሲሏችሁ እሺ ብላችሁ አትውጡ። የፋይል ቁጥር የሌለው ሻንጣ ፈላጊ የለውም።

ቤይሩት፣ ዱባይ፣ ጅዳ፣ ኩዌት እህት ያላችሁ፣ ይህን ሼር ማድረግ ብቻ አይበቃም። ማንበብ ለሚቸግራቸው በድምፅ ቅዱና በዋትስአፕ ላኩላቸው። ዛሬውኑ።