ሜክሲኮ ቤት ገበታ ላይ መጠየቅ ነውር አይደለም

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከሐበሻ ምግብ ቤት ወጣ ብለን እንብላ ስንል ብዙ ጊዜ የምንስማማው በሜክሲኮ ቤት ነው። ቃሪያው ያቃጥላል፣ ቦሎቄው ያጠግባል፣ ታኮው በእጅ ይበላል። ከእነዚህ ቤቶች መካከል ሱፍና ከረባት የማይጠይቁ፣ ግን ወንበራቸውም መብራታቸውም መስተንግዷቸውም የታሰበበት፣ ዋጋቸው ከመንገድ ዳር ታኮ ቤት ከፍ ያለ አሉ። ልደት ወይም ምርቃት ሲኖር፣ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ የምንሄደው ወደነዚህ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለነሱ ነው፤ ይበልጥ ግን እዚያ ስንቀመጥ ይዘነው ስለምንገባው ይሉኝታ ነው።

ምግቡ የማይርቀን ያለ ምክንያት አይደለም። የበርበሬያችን ዘር፣ በቆሎው፣ ቦሎቄው፣ ቲማቲሙ ወደኛ የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ሜክሲኮም ከጥንት መነሻዎቻቸው አንዷ ናት። ትግራይ ውስጥ በክረምት የሚበላው የቁልቋል በለስም የሜክሲኮ ተክል ነው። እኛ ፍሬውን ስንወድ እነሱ አረንጓዴውን ጠፍጣፋ አካሉን እሾሁን ልጠው፣ ኖፓል ብለው ይጠብሱታል። በታሪክም ቢሆን ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ፣ ሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ አደባባይና የሜትሮ ጣቢያ ያላቸው ከዚህ ወዳጅነት የተነሳ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል።

እንግዲህ ምግቡ ቅርባችን ነው፤ የሚርቀን የገበታው ሥርዓት ነው። አገር ቤት ምግብ ቤት ገብተን ስንቀመጥ አብዛኛው ነገር ሳይነገር ይታወቃል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾም በያይነቱ አለ። ጋባዡ ማን እንደሆነ ከአነጋገሩ ይለያል። ሂሳብ እስኪጠራ ድረስ አይመጣም፤ ሳይጠራ ቢመጣ «ተነሱልን» እንደማለት ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ነገር በጥያቄ ይሄዳል። የማይጠይቅ ሰው ያልፈለገውን ይበላል፣ ያላሰበውንም ይከፍላል።

ከውሃው እንጀምር። ገና ሳንደላደል አስተናጋጁ «ስቲል ነው ስፓርክሊንግ?» ይላል፤ ጋዝ የሌለው ነው ጋዝ ያለው ማለቱ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም በጠርሙስ የሚመጡ፣ የሚከፈልባቸው ናቸው። የቧንቧው ውሃ ነጻ ነው፤ ከበረዶ ጋር ይቀርባል። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ግን የቧንቧ ውሃ መጠየቅ ቋጣሪ የሚያስብል ይመስለውና ዝም ይላል። እዚህ ባለጸጋውም «ታፕ ዋተር» ይላል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በጾም ነው። ሜኑው ላይ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሁሉ ለኛ ጾም አይሆንም። የሜክሲኮ ካቶሊኮችም በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ሥጋ ይተዋሉ፤ ዓሣ፣ እንቁላልና አይብ ግን ይበላሉ። ስለዚህ «ሥጋ የለውም» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ለእኛ ግን ግማሽ መልስ ነው። ተፈጭቶ የሚጠበሰው ቦሎቄ በጥንቱ ባህላቸው የሚሠራው በአሳማ ሞራ ነው። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ወገናችን ይህ ከጾም ውጪም መታወቅ ያለበት ነገር ነው። ሩዙ ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ይበስላል። ሞሌ የሚባለው፣ ደረቅ ቃሪያ ከለውዝና ከቅመም ጋር ተፈጭቶ የሚሠራው ወፍራም ስጎ፣ ሲያዩት ከቁሌታችን ጋር ይመሳሰላል፤ እሱም ውስጥ መረቅ ሊኖር ይችላል። ታማሌ የሚሉት የበቆሎ ምግብ ሊጡ በሞራ ይታሻል። ቶርቲያ የሚሉት ቂጣም ከስንዴ ከሆነ እንዲሁ ሞራ ሊኖረው ይችላል። የበቆሎው ቶርቲያ ግን በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ከተፈጨ በቆሎ የሚጋገር ነው፤ በአብዛኛው ከበቆሎ፣ ከውሃና ከኖራ በቀር ሌላ የለበትም። ከአቮካዶ የሚሠራው ጓካሞሌ፣ የተጠበሰ ኖፓል፣ የቲማቲም ሳልሳ፣ ያለ አይብና ያለ ክሬም የመጣ የአትክልት ታኮ፦ የጾመኛ ገበታ ከነዚህ ይሞላል።

እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ሞራ፣ መረቅ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል አለበት?» አስተናጋጁ ካላወቀ ወደ ወጥ ቤት ሄዶ ይጠይቃል። በለውዝ ወይም በወተት አለርጂ ምክንያት በየቀኑ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው፤ ሥራው ነው። ብዙ ጾመኛ ግን «አስቸገርኩ» ብሎ ዝም ይልና ወይ ደረቅ ቶርቲያ በልቶ ይወጣል፣ ወይ እየተጠራጠረ ይበላል። ሁለቱም አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጉዳይ መግደርደር ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ አክስቴን ይዘን እራት ወጣን። በነዚህ ቤቶች ጓካሞሌ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛችሁ አጠገብ ይሠራል፤ ሼፉ ሆሴ አንድሬስ ዲሲ ውስጥ የከፈተው ኦያሜል የተባለው ምግብ ቤትም በዚህ ይታወቃል። እኛ የሄድንበት ቤት አስተናጋጇ ጥቁር የድንጋይ ሙቀጫ ይዛ መጣች። አቮካዶውን ለሁለት ከፍላ ፍሬውን በቢላዋ ወግታ አወጣች፤ ሥጋውን በማንኪያ ጠርጋ ከቀይ ሽንኩርትና ከድንብላል ቅጠል ጋር ደቆሰችው፤ ሎሚ ጨመቀችበት። ቃሪያውን ከመጨመሯ በፊት ቀና ብላ ምን ያህል እንዲያቃጥል አክስቴን ጠየቀች። በየዓመቱ የቤቱን በርበሬ በእጃቸው የሚያዘጋጁት ሴት «እንደወደደች ታድርገው» አሉ። አልጫ ሆነ። ሁለተኛው ሳህን ሲዞር «ይበቃኛል» አሉ፤ አስተናጋጇ ፈገግ ብላ ሳህኑን አሳለፈችው። ቤት ስንደርስ ሽሮ አሞቅንላቸው።

አስተናጋጇ አላጠፋችም። እዚህ አገር በቃኝ ያለን ሰው ብላ ብላ ማለት ነጻነቱን መንካት ነው፤ ቃሉን አምኖ መተው አክብሮት ነው። አክስቴም አላጠፉም። እሳቸው ያደጉበት ገበታ ላይ የመጀመሪያው «ይበቃኛል» የጨዋነት ነው፤ ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፣ ያጎርሳል፣ እንግዳው ይበላል። ሁለት ጨዋነቶች ተገናኝተው ተላለፉ። በመካከል ያለነው እኛ ነን፤ ሥራውም የእኛ ነው። እንግዳ ይዘን ስንወጣ አስተናጋጁ ያልደገመውን ጥያቄ እኛ እንድገም። ትልቅ ሰው ምን እንደሚወድ ከቤት ሳንወጣ እንጠይቅ። ሳህን ሲዞር «እትዬ፣ በሞቴ» ማለት ሜክሲኮ ቤትም ይቻላል። ደግሞም በነዚህ ቤቶች ብዙው ምግብ በትንንሽ ሳህን መጥቶ መሀል ላይ ተቀምጦ የጋራ ስለሚሆን ለማጉረስም ይመቻል።

ሦስተኛውና ከባዱ ሂሳቡ ነው። አገር ቤት የሂሳብ ጭቅጭቅ የፍቅር ጭቅጭቅ ነው፤ «እኔ ነኝ»፣ «በእናትህ ተው»፣ አንዱ እጅ ልታጠብ ብሎ ተነስቶ ከካሸሯ ጋር ጨርሶ ይመለሳል። ይህን ይዘን መጥተናል። ችግሩ እዚህ ያለው የሂሳብ መጠን ነው። አምስት ሰው ሆነን የ200 ዶላር ምግብ በላን እንበል። ዲሲ ውስጥ የምግብ ቤት ታክስ 10 በመቶ ስለሆነ 20 ዶላር ይጨመራል። ቲፕ በ20 በመቶ ሲታሰብ 40 ዶላር ነው። 260 ዶላር ሆነ። ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ ለአምስት ሲካፈል ግን 52 ዶላር ነው።

አንድ ሰው ሁሉንም ሲከፍል የሚመጣውን አይቻለሁ። ገና የመጣው ልጅ፣ ሌሊት እየሠራ ቀን የሚማረው፣ ወር በወር ለእናቱ የሚልከው፣ አንድ ጊዜ ይጋበዛል። ብድሩን መመለስ እንዳለበት ያውቃል፤ እንደማይችልም ያውቃል። በሚቀጥለው ስንጠራው «ሥራ አለኝ» ይላል። ከዚያም አንጠራውም። ሰውን ከገበታ ያራቀው ድህነቱ አይደለም፤ ሳንነጋገርበት የቀረነው ሂሳብ ነው። በስደት አገር ከገበታ መራቅ ደግሞ ከወገን መራቅ ነው፤ የሥራ ወሬም፣ የቤት ኪራይ ወሬም፣ ማጽናኛውም ያለው እዚያ ነው።

የየራስን መክፈል የፈረንጅ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። እቁብ የጣለ፣ እድር የገባ ሕዝብ ማዋጣትን ከማንም አይማርም። በእድር ሀብታሙም ድሃውም እኩል ያወጣል፤ ማንም አያፍርም፣ ምክንያቱም መዋጮው አስቀድሞ የተነገረና የታወቀ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ግብዣም ይኑር፤ ግብዣ ክብራችን ነው። ግን ግብዣ ከሆነ ጋባዡ ሲጠራ «ጋባዡ እኔ ነኝ» ይበል፤ መዋጮ ከሆነ ሲጠራ መዋጮ ነው ይባል። እንግዳው ሜኑውን ሲከፍት የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ቲፑንም ከምጽዋት አንቁጠረው። አገር ቤት ለአስተናጋጅ የሚተወው የደስታ ስጦታ ነው፤ ቢቀርም ደመወዙ ይከፈለዋል። እዚህ ግን በፌዴራል ሕግ አሠሪው ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ በቀጥታ እንዲከፍል የሚገደደው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ይህ መጠን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 ወዲህ አልተነካም። ብዙዎቻችን የምንኖርባት ቨርጂኒያም የምትከተለው ይህንኑ ነው። ከቲፑ ጋር ተደምሮ ከመደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ካነሰ አሠሪው እንዲሞላ ሕጉ ያዛል፤ ቢሆንም የአስተናጋጁ ኑሮ የቆመው ጠረጴዛው ላይ በምንተወው ገንዘብ ነው። ዲሲ ውስጥ መራጮች በ2022 ቲፕ ለሚቀበሉ ሠራተኞች እዚያ የሚከፈለው ዝቅ ያለ ደመወዝ ቀስ በቀስ እንዲያድግ ድምጽ ሰጥተዋል፤ የከተማው ምክር ቤት በ2025 አካሄዱን ቢቀይረውም ቲፕ የመስጠቱ ልማድ እንዳለ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ብዙ ናቸው፤ ማታ ማታ በእግራቸው ቆመው ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። በደህና መስተንግዶ ከ18 እስከ 20 በመቶ መተው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ስድስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ግን አንዳንድ ቤት ሰርቪስ ቻርጅ ራሱ ስለሚጨምር ቢሉን አንብቡ፤ ካልገባችሁ ጠይቁ።

ይሉኝታ ሰውን ላለማስቀየም የተሰጠን ጥሩ ጠባይ ነው። ጾመኛውን ሲያስርብ፣ ትልቁን ሰው ሳይበሉ ሲያስነሳ፣ ምስኪኑን ልጅ ከወዳጆቹ ሲለይ ግን ሥራውን ስቷል ማለት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጓደኞቻችሁን ለእራት ስትጠሩ በመልእክቱ ላይ ሦስት ነገር ጨምሩበት፦ የሚጾም አለ ወይ፣ ጋባዥ አለ ወይስ እናዋጣለን፣ ለአንድ ሰው ከነቲፑ በግምት ስንት ይደርሳል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሥራ አለኝ ያለው ልጅ ሊመጣ ይችላል።