የዋልያስ ባንድን ሸክላ ፍለጋ

በቦሌ መንገድ ዳር ሙዚቃ ቤቶች በሞሉበት ዘመን ካሴት እናስቀዳ ነበር። የዘፈኖቹን ዝርዝር በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ከባዶ ካሴት ጋር እንሰጣለን፤ በማግስቱ ተቀድቶ ይጠብቀናል። በካሴቱ መጨረሻ ቦታ ሲተርፍ ቀጂው «ክላሲካል» ይሞላበታል። ኦርጋንና ሳክስፎን ያለ ድምፃዊ የሚቀባበሉትን ያን ሙዚቃ ከዘፈኖቹ አብልጬ ወደድኩት። የማን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም።

ኋላ እንደተረዳሁት፣ ከምሰማቸው ብዙዎቹ የዋልያስ ባንድ ሥራዎች ነበሩ። ባንዱ በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር የመጣው እንግዳ እስኪነጋ እዚያው ይቆይ ነበር፤ ሙዚቀኞቹም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታሉ። የዋልያስ የተባ ቅንጅት የተገራው በእነዚህ ረጃጅም ሌሊቶች ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተሰኘውን ሸክላ አወጡ። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላኩ ገብሬ በቤዝ፣ ተማረ ሀረጉ በድራም፣ ማሕሙድ አማን በጊታር ተጫወቱ፤ ግርማ በየነም ሙላቱ አስታጥቄም ነበሩበት። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ድንቅ ሥራ የሚገኘው እዚህ ሸክላ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ሸክላ ለማውጣት መንገዱን የከፈተው አምሃ እሸቴ ነው። ሸክላ ማሳተም በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ። እዚህ የተቀዳው ድምፅ ውጭ ሀገር ታትሞ ይመለስ ነበር። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ተሰደደ፤ ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ድምፁ ሻገተ፤ የተጫዋቾቹ ስም ደግሞ ከነጭራሹ ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ለሥራ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላኩና ግርማ እዚያው ቀሩ፤ የተቀሩት ተመለሱ። ባንዱ ውቅያኖስ ማዶና ማዶ ተከፈለ። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ እመኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር።

ሙዚቃው ግን ያለ ባለቤቶቹ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዳክታሪስ የተባለ የኒውዮርክ ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነበረ የናይጄሪያ ባንድ መስሎ ባወጣው አልበም ላይ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ተጫወተ። የሂልተኑ ዜማ የሌጎስ መስሎ ስንቱ ጆሮ ገባ! ከዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ፣ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘ። ባለቤቱን አፈላልጎ አነጋገረውና እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተመው። በቀጣዩ ዓመት «ቼ በለው»ም እንደገና ወጣ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አበረከተ።

ሌሎች ቅጂዎቻቸውን በአንድ ቦታ አኑረዋል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው የጋሎ ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ የድሮ ቅጂዎችን የያዘ ግምጃ ቤት አለው። የጥንት የሶል ባንድን ሥራ የሚፈልግ ሰው የሚጀምርበት በር አያጣም። የእኛ ሙዚቃ ግምጃ ቤት ግን የየቤታችን ቁም ሣጥን ሆኖ ቆይቷል። አንዱ ካሴት ስለተገኘ አንድ ታላቅ ሙዚቀኛ ተመለሰ፤ ሳይገኝ የቀረው ስንት ይሆን?

በቦሌም ሆነ በገርጂ፣ በመገናኛም ሆነ በሲኤምሲ የምትኖሩ፣ የአባታችሁን ሸክላና ካሴት አትጣሉ። ሽፋኑን ፎቶ አንሡ፤ ማን እንደተጫወተ፣ የትና መቼ እንደተቀዳ የሚያውቁትን ታላላቆች ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉ። የሠራ ሰው ስሙ ከሥራው ጋር ሊኖር ይገባዋል።