የዳማ ወጪ

ወዳጆቻችን፣ ዛሬ ስለ ኑሮ ውድነት ልናወራችሁ ነው። ቆይ፣ አትሽሹ! ስለ ዘይትና ስለ ሽንኩርት አይደለም። ስለ ፈረስ ነው።

እኛ ማለት ሦስት እህትማማቾች ነን። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አንዳችን ነርስ፣ አንዳችን የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዳችን ደግሞ በጋዜጠኝነት ተመርቃ «የሥራ ልምድ ያላት» የሚል ማስታወቂያ ስታነብ የምትውል። አባታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሁለት በሬ፣ አንድ ላም፣ ጥቂት በጎችና አንድ ፈረስ አላቸው። ፈረሱ መልኩ ዳማ ነው፤ ስሙም ዳማ ነው። አባባ ስም ለማውጣት ብዙ አይጨነቁም። የእኛን ስም እማዬ በማውጣቷ ዕድለኞች ነን።

ጥር 23 ለአገራችን ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያላየ አያውቀውም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው። በየዓመቱ በዚያች ቀን ፈረሱን ያስጌጠ ሁሉ እንጅባራ ላይ ይገናኛል። ጉግሱ፣ ሽምጥ ግልቢያው፣ እልልታው ሌላ ነው። በዓሉ ዓድዋ የዘመቱ ፈረሶችም መታሰቢያ ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ እያልን የምንጠራቸው በፈረሳቸው ስም አይደል? ማኅበሩ ደግሞ የአንድ ቀን ጭፈራ ብቻ አይደለም። አባል ሲሞት በፈረስ ይሸኛል፤ የተጣላ ያስታርቃል። ከዚያ ሜዳ መቅረት ማለት ከሰው መጉደል ማለት ነው።

በፈረንጅ አገር ፈረስ ትርዒት ላይ ለማቅረብ የመመዝገቢያ፣ የጋጣ፣ የማጓጓዣ እየተባለ ይከፈላል። እንጅባራ ላይ አባባን በር ላይ ቆሞ ቲኬት የሚጠይቃቸው የለም። ወጪው ያለው ሜዳው ላይ ከመድረሳቸው በፊት ነው።

እስቲ አብራችሁን ቁጠሩ። ኮርቻ አለ። ልጓም አለ። እርካብ፣ ዛብ፣ መርገፍ አለ። ከሁሉም በላይ ግላስ አለ። የግላሱ ከፋይና የሚያብረቀርቀው ክር ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኛ ስለ ስልክና ስለ ሽቶ ዋጋ ስናማርር ያ ዜና ዳማ ጀርባ ላይ ይወጣል ብለን አላሰብንም ነበር።

ቀለቡስ? ድሮ ዳማ ሜዳ ላይ ውሎ ጠግቦ ይገባ ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ብዙ ገበሬ መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተከለ። ዛፉ ከሰል ሆኖ ይሸጣል፤ ለብዙ ቤት ገንዘብ አስገብቷል። ማንም አይፈርድበትም። ግን ግጦሹ ጠበበ፤ ጭድም በገንዘብ ሆነ። ለበዓል የሚወጣ ፈረስ ደግሞ በጭድ ብቻ አያምርም፤ ከኅዳር ጀምሮ ገብስ ይፈልጋል። ገብስ ደግሞ ሰውም ይበላዋል። አባባ ከጎተራ ለዳማ ሲሰፍሩ እማዬ የምታያቸውን አስተያየት እኛ እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ኃጢአታችን እንምጣ።

የ2016ቱ በዓል ላይ አልነበርንም፤ በአገሩ ሁኔታ መንገዱ አላስተማመነንም። የአጎታችን ልጅ የአባባን ፎቶ በቴሌግራም ላከልን። በደስታ ለጓደኞቻችን አሳየን። አንዷ ታዲያ «ከጎናቸው ያለው ፈረስ ግን እንዴት ያምራል!» አለች። እውነቷን ነበር። ባለቤቱ ውጭ አገር ያሉ ልጆች አሉት፤ ግላሱ እንደ ሙሽራ ካባ ያበራል። የአባባ ግላስ ከጎኑ ሲታይ የደበዘዘ ነጠላ መሰለን። ማታውኑ ደወልን። «አባባ፣ ይሄ ግላስ አርጅቷል እኮ፣ ቢቀይሩት ምን አለ?» አልናቸው። «ይሁን እስቲ» አሉን። እኛ ስልኩን ዘግተን ረሳነው። እሳቸው አልረሱም።

ጥቅምት 2017 ላይ ሦስት በግ ሸጠው አዲስ ግላስ ገዙ። በጎቹ ለጣሪያው ቆርቆሮ የታሰቡ ነበሩ። ይህን የነገረችን እማዬ ናት፤ እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ታኅሣሥ ላይ አባባ ራሳቸው ደወሉ። ስለ ጤናችን፣ ስለ ቤት ኪራያችን ጠየቁ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ዳማን ልሸጠው ነው» አሉ።

«ለማን?»

«ለባለጋሪ።»

ሦስታችንም ዝም አልን። የጋሪ ፈረስ መጨረሻ ለከተማ ሰው አይጠፋውም። ጉልበቱ ሲያልቅ መንገድ ዳር ይለቀቃል፤ መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ ያልፉታል። ምን እንደተፈጠረ ስንጠይቅ ነገሩ ገባን። ግላሱ አዲስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ፈረስ ግን ከስቷል። የገብሱ ገንዘብ ከፋይ ላይ ውሏል።

ያን ማታ እንጀራው ፊታችን ላይ እንዳለ ሒሳብ ስንሠራ አመሸን። ደመወዝ ያለን ሁለት፣ ዕዳ ያለብን ሦስት። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሙያዋን የጠላችበት ሌሊት ነበር። ቢሆንም ከኪራዩ ላይ ቀንሰን፣ አከራያችንን አሥር ቀን ለምነን፣ የገብስ ላክን። ለአዲስ ግላስ የጮኸ አፍ ለገብስ ዝም ካለ ምን ዓይነት ልጅነት ነው?

በሳምንቱ አባባ ደወሉ። «ገብሱን ገዝቻለሁ። ዳማንም አልሸጥኩም፤ ግላሱን ሸጥኩት» አሉ። ይቅርታ ልንጠይቃቸው ስንጀምር አቋረጡን። «እሱን የፈለገው የእናንተ ዓይን ነው፤ ዳማ ግላስ አልጠየቀም።»

ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአሮጌው ግላስ ጋር ሜዳው ላይ ዋሉ። በፎቶው ላይ ዳማ ጎኑ ሞልቶ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ቆሟል። አባባም ጥርሳቸው ይታያል፤ ይህ በዓመት አንዴ የሚገኝ ነገር ነው።

ወገን፣ በዓል ማማሩን አንጠላም። የምንፈራው ሌላ ነው። ጌጡ በየዓመቱ እየከበረ ሲሄድ ውጭ ዘመድ የሌለው ገበሬ አንድ ቀን ፈረሱን ትቶ አጥር ጋ ቆሞ ተመልካች ይሆናል። ዓድዋ የዘመተው ፈረስ ግን የገበሬም ፈረስ ነበር። ለዚህ ደግሞ ጥፋቱ የዶላር ብቻ አይደለም፤ ከሩቅ ሆነን ፎቶ እያጎላን «አርጅቷል» የምንል የእኛም ነው።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ግላስም ያሳምራል እንጂ አያደርስም። እናንተም የአባታችሁን ፎቶ ስታዩ፣ ከጨርቁ በፊት የፈረሱን ጎን እዩ። ከዚያ ደውሉና ገብስ መኖሩን ጠይቁ።