ሳሩ እዚያ፣ ጠበቃው እዚህ

አዲስ አበባ ውስጥ ጥንቸል ያለበት ግቢ ስትገቡ የምታዩት ነገር ብዙም አይለያይም። ከአጥሩ ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፣ ጥግ ላይ የዶሮ ቤት የነበረ ሣጥን አለ፣ ሰርዶ ሲግጡ ቆይተው ሰው ሲጠጋ በኋላ እግራቸው መሬቱን መትተው የሚበተኑ ነጭና ግራጫ ጥንቸሎች አሉ። ልጆች ደስ ይበላቸው ተብሎ ሁለት ይገዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሆኑ የሚቆጥር የለም። እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ ሳሎን ውስጥ የምትኖር፣ የራሷ ሐኪም ያላት፣ ክትባት የምትወስድ ጥንቸል ማየት ብርቅ አይደለም። ይህን ያየ ያገሬ ሰው «ፈረንጅ ገንዘብ በዝቶበት ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ የእንስሳት መጠለያ ጥንቸሎችን ስለምንከባከብ ነገሩ የገንዘብ እንዳልሆነ በየሳምንቱ አያለሁ።

መጠለያው የሚጨናነቀው ከፈረንጆች ፋሲካ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ለበዓሉ ለልጅ ስጦታ ተብላ የተገዛች ግልገል ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ መናከስና በየቦታው መሽናት ትጀምራለች፤ ልጁም ይሰለቻታል። ያኔ ወይ ወደ እኛ ትመጣለች ወይ መናፈሻ ውስጥ ትጣላለች። ለማዳ ጥንቸል ደግሞ ከጭልፊትና ከቀበሮ ማምለጥ አታውቅበትም። ያልተጣለችውም ብትሆን ብዙ ጊዜ ኑሮዋ ዞር ማለት በማያስችል የሽቦ ኬጅ ውስጥ ነው። ምግቧ የፋብሪካ እንክብልና ካሮት ይሆናል፣ ጓደኛም የላትም። አሜሪካ ለጥንቸል ገነት እንዳልሆነች ለማሳየት ይህ ይበቃል።

የዚህ አያያዝ ጉዳት የሚገባን ተፈጥሮዋን ስናውቅ ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኳን ማደጉን አያቆምም። የሚሞርደው ቀኑን ሙሉ የምታኝከው ሳርና ድርቆሽ ነው። አንጀቷም የሚንቀሳቀሰው በዚያው በሳሩ አሰር ነው፤ ስለዚህ ከምግቧ አብዛኛው፣ ሐኪሞች ሰማንያ በመቶ ያህል ይላሉ፣ ድርቆሽ መሆን አለበት። ካሮት ስኳር ስላለው በትንሹ ብቻ ነው። ታዳኝ እንስሳ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች፤ አንድ ጥንቸል ለግማሽ ቀን ምግብ ካልነካች አንጀቷ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል፣ እስከ ነገ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ያልመከነች ሴት ደግሞ ዕድሜዋ ከአራት ዓመት ሲያልፍ በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድሏ እጅግ ከፍ ይላል። በደንብ የተያዘች ጥንቸል ግን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ትኖራለች። እንደ ድመት በሣጥን መጸዳዳት ትማራለች፣ የቤቱን ሰው በእግር ኮቴ ትለያለች።

ይህን ሁሉ ዛሬ እኛ የምናውቀው ሰዎች ተነሥተው ስለተናገሩ ነው። ካሊፎርኒያ የምትኖር ማሪኔል ሃሪማን የምትባል ሴት ጥንቸልን ቤት ውስጥ ስለማኖር እ.ኤ.አ. በ1985 መጽሐፍ አሳተመች። በ1988 ከሌሎች ጋር ሆና የቤት ጥንቸል ማኅበርን፣ በእነርሱ አጠራር ሃውስ ራቢት ሶሳይቲን፣ መሠረተች። የማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች የተጣሉትን ይሰበስባሉ፣ ያሳክማሉ፣ ያስመክናሉ፣ ቤት ይፈልጉላቸዋል። ሆል ፉድስ የተባለው የገበያ ድርጅት በ2014 የጥንቸል ሥጋ መሸጥ ሲጀምር በየከተማው ሱቆቹ ደጃፍ ሰልፍ ወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ድርጅቱ ሽያጩን ለማቆም ወሰነ። ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ፣ ኒውዮርክ ደግሞ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የቤት እንስሳት ሱቆች ከአርቢ ያመጡትን ጥንቸል እንዳይሸጡ በሕግ ከልክለዋል። በእኛ ሜሪላንድ በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ግን የሚያነሳው ውሻንና ድመትን ብቻ ነው፤ እዚህ ገና ሥራ አለብን።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመለስ። በእኔ እምነት የአዲስ አበባዋ ጥንቸል ከብዙ የአሜሪካ ጥንቸል የተሻለ ነገር አላት። ፀሐይ አላት፣ የምትቆፍረው አፈር አላት፣ ጓደኛ አላት፣ ከሁሉም በላይ እርጥብ ሳር አላት። እኛ እዚህ በካርቶን የታሸገ ድርቆሽ በዶላር እንገዛለን። ኦርቶዶክሱ ሥጋዋን ስለማይበላ በብዙ ቤት ቢላዋም አይጠብቃትም። የጎደላት የሚጠይቅላት ሰው ነው። ልጆች በጆሮዋ ሲያነሷት ማንም አይከለክልም፤ ደረቷና ዳሌዋ በሁለት እጅ ካልተደገፉ ግን ተወራጭታ የገዛ አከርካሪዋን ልትሰብር ትችላለች። ሴቷ በወር ትወልዳለች፤ ከወንዱ ካልተለየች በወለደችበት ቀን እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ወንዶቹም ሲበዙ እስኪደሙ ይጣላሉ። የተረፈ ዳቦና እንጀራ ይወረወርላቸዋል፣ ሆዳቸው ይነፋል። አንዳንዱ ግቢ የአቮካዶ ዛፍ አለው፤ ቅጠሉም ፍሬውም ለጥንቸል መርዝ ነው። ስትታመም ደግሞ አንድ ደግ ሰው ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝቶ ያጠጣታል። ይህ መድኃኒት በአፍ ሲሰጣት አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጨርሶ ይገድላታል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሊያድናት ፈልጎ ነበርና።

እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ጥንቸላችንን ምንጣፍ ላይ ተዘርግታ ስታያት አልወደደችውም። «ልጄ፣ ኦሪት ርኩስ ያላትን ከሰው ጋር?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ዘሌዋውያን አሥራ አንድ ላይ ጥንቸል ከማይበሉት ተቆጥራለች። ግን ትእዛዙ ስለ መብላትና በድን ስለ መንካት ነው፤ ግመልም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ፣ የአፋር ሰው ግን ግመሉን እንደ ልጁ ይጠብቃል። «እማዬ፣ አንበላትም፤ እናበላታለን» አልኳት። ዝም አለች። በማግስቱ የጎመን ቅጠል እየቆረጠች ስትሰጣት አገኘኋት።

ለእንስሳ መቆም የፈረንጅ ቅንጦት ነው ለሚሉኝ የማነሳው አህያን ነው። ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ቢሾፍቱን መነሻ አድርጎ ለአሥርት ዓመታት አህያ ሲያክም፣ ባለቤቶችን ስለ ጭነትና ስለ ቁስል ሲያስተምር ቆይቷል። ለአህያ የተቻለ ለጥንቸል የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም፤ እንዲያውም የእርሷ ወጪ ያንሳል። ወንዱን ከሴቷ በአንድ አጥር መለየት ወይም ማኮላሸት፣ ሳር ሳይቋረጥባት ማቅረብ፣ ለሌሊት ሸለምጥማጥና ድመት የማይገባበት ቤት መሥራት ይበቃል።

እዚህ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ጥንቸል ከጠየቃችሁ ከሱቅ አትግዙ፤ በየካውንቲው መጠለያ የመከኑና ጤናቸው የታየ አሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ቢወሰዱ ደግሞ ደስታቸው ነው። ክትባቱንም አትርሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የዱር ጥንቸሎችን የፈጀው የደም መፍሰስ ቫይረስ በጫማና በድርቆሽ አማካይነት እስከ ቤት ድረስ ይገባል። አገር ቤት ያላችሁ ወጣት የእንስሳት ሐኪሞችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በየግቢው ሊለጠፍ የሚችል አንድ ገጽ በአማርኛ እናዘጋጅ፦ ምን ትብላ፣ ምን አትብላ፣ እንዴት ትነሣ፣ የትኛው መድኃኒት ይገድላታል። ጽሑፉን ጀምሬዋለሁ፤ የመድኃኒቱን ክፍል የሚያርምልኝ ሐኪም እፈልጋለሁ።