የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ

መካኒካል የሚማር ዘመድ ያለው ሰው ከተበላሸ ፍሪጅ እስከ ልብስ ስፌት መኪና ሁሉን ወደ ተማሪው እንደሚያመጣ የዲፓርትመንታችን ልጆች ታውቃላችሁ። የኔ ጣጣ ግን ከኦሃዮ ነው የመጣው። ከኮሎምበስ ከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩት አጎቴ ደውለው «አንተ መሐንዲሱ፣ ጠመንጃ ልገዛ ነውና ምረጥልኝ» አሉኝ። እኔ ጠመንጃ በእጄ ይዤ አላውቅም። ፊዚክስ ግን ፊዚክስ ነው ብዬ ገባሁበት።

ጋሼ ጎጃሜ ናቸው፤ አባታቸው ምንሽር ነበራቸውና የመሣሪያ ፍቅሩ ከዚያ የመጣ ነው። እዚያ ደግሞ አጋዘን ጓሯቸው ድረስ እየገባ ጎመናቸውን ይጨርሳል። በአደን ወቅት ፈቃድ አውጥቶ መምታት ይቻላል፤ ሕጉ ግን እንደ ልብ አያስመርጥም። አንገቱ የጠበበ ቀለህ ያለው የተለመደው የጠመንጃ ጥይት ለአጋዘን አይፈቀድም። እንደ ፈረንጆች ከ2014 ጀምሮ የተፈቀደው ቀለሁ ቀጥ ያለ ጥይት ነው፤ የሪቮልቨር ጥይት ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ነው። ጋሼ .357 ማግነም የሚጎርስ ሪቮልቨር ቀድሞም አላቸው። በዚያ ላይ ቀኝ ትከሻቸው ኦፕራሲዮን የተደረገ ነው፤ ቤቱ ውስጥም ሁለት የልጅ ልጆች ይሯሯጣሉ።

እንግዲህ ያሰቡት በካውቦይ ፊልም የምናየውን ሌቨር አክሽን ነው። ከምላጩ ሥር ያለውን ቀለበት መሰል ማንሻ ወደ ታች ገፋ፣ መለስ ሲያደርጉት የተተኮሰውን ቀለህ አውጥቶ አዲስ ያጎርሳል። ዊንቸስተር በ1873 ያወጣው ጠመንጃ .44-40 የሚባለውን ጥይት ይጎርስ ነበር፤ ኮልት በ1878 ለዚያው ጥይት ሪቮልቨር ሠራና ሰውየው በአንድ ዝናር ሁለቱንም መገበ። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ዓድዋ ላይ የኛ ሰው የያዘው መሣሪያ ዓይነቱ ብዙ ስለነበር የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም ነበር።

ትምህርታችን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የተለመደችው የ.357 እርሳስ 10 ግራም ገደማ ናት። ከአጭር ሪቮልቨር ስትወጣ ፍጥነቷ በሰከንድ 380 ሜትር አካባቢ ነው፤ 45 ሳንቲሜትር ገደማ ከሚሆን የጠመንጃ በርሜል ስትወጣ ግን 550 ይጠጋል። ባሩዱ ያው ነው፤ ጋዙ ጥይቷን የሚገፋበት መንገድ ረዘመ እንጂ። ኪነቲክ ኢነርጂውን አስሉት፤ ከ740 ጁል ወደ 1,540 ገደማ፣ እጥፍ ማለት ነው። (ቴርሞዳይናሚክስ ምን ይጠቅማል የምትሉ ይኸው።)

ጋሼ የቋመጡት ግን ለ.44 ማግነም ነበር። «በ.357 አጋዘን? ወፍ ላባርር ነው እንዴ!» አሉኝ። ግማሽ እውነት አላቸው። .44 ከጠመንጃ በርሜል ከ2,000 ጁል በላይ ይሰጣል፤ ለአጋዘን የተሻለ መሆኑን አልክድም። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ትከሻ ነው። 15 ግራም ተኩል የሚመዝነው የ.44 እርሳስ ሞመንተሙ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ ጠመንጃዎቹ እኩል ቢመዝኑ ወደ ትከሻ የሚመለሰው ኢነርጂ ከእጥፍ ይበልጣል። ሐኪም የሰፋውን ትከሻ በዚህ ማስደብደብ ለኔ አይታየኝም። .357 የሚጎርሰው ደግሞ ለስለስ ያለውን .38 ስፔሻልም ይተኩሳል (የተገላቢጦሹ አይሆንም፤ የ.357 ቀለህ በ3 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል)። በ.44 አምስት ተኩሶ ዓይን ጨፍኖ ምላጭ ከመሳብ በ.38 መቶ ተኩሶ እጅን ማስለመድ ይሻላል አልኳቸው። ዝም አሉ። ጋሼ ዝም ካሉ ተስማምተዋል።

የቀረው የትኛውን የሚለው ነበር። ብራዚል የሚሠራው ሮሲ የጆን ብራውኒንግን የ1892 ንድፍ የተከተለ ነው፤ ቀላልና ቀልጣፋ ነው። ማርሊን አለ፤ ሩገር በ2020 የገዛው ስም ነው። እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ስልኩን ተቀብለው «ልጄ፣ ስለ ጥይቱ ተወውና ሕፃናቱ እንዳይጎዱ ንገረኝ» ባይሉኝ ኖሮ ሮሲን እል ነበር።

የነዚህ ጠመንጃዎች ካዝና ከበርሜሉ ሥር ያለ ቱቦ ነው። ጥይቶቹ የአንዱ አፍንጫ ሌላው ቂጥ ላይ አርፎ ይሰለፋሉ። ለዚህ ነው ጫፏ የሾለ ተራ ጥይት የማይገባበት፤ የፊተኛዋን መለኮሻ ወግታ ልታፈነዳት ትችላለች። ሮሲን ለማራገፍ ማንሻውን እየመላለሱ ጥይቱን አንድ በአንድ ማስወጣት ነው። ሄንሪ የሚባለው ግን የውስጥ ቱቦው ሲሳብ ካዝናው ውስጥ ያለው በሙሉ እጅ ላይ ይፈሳል፤ ከዚያ የጥይት ጎሬውን ከፍቶ በዓይንም በጣትም ማየት ይቀራል። ነሐስ የለበሰው ሞዴል 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለመሸከም ይከብዳል፤ ክብደቱ ግን ለዚያ ትከሻ ደግ ነው።

ሄንሪ .357 ተገዛ። ጋሼ 70 ሜትር ላይ ካለ ግንድ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አጋዘን እንደማይተኩሱ ነግረውኛል። ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረው የብረት ሣጥን ቁልፍ ግን እትዬ አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ነው ያለው።