ሳያቆሙ መለካት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬው ጽሑፋችን ከወትሮው ወጣ ያለ ነው። ስለ ጦሃራ ወይም ስለ ዘካ አይደለም፤ በዓይን ስለማይታየው ኤሌክትሮን ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከማንም በፊት ራሳችንን የገሠጽንበት ጉዳይ አለበት።

ነገሩ የጀመረው አንድ አባት ከኢሻእ ሰላት በኋላ ጠጋ ብለው፣ "ኡስታዝ፣ ልጄን ምከሩልኝ" ያሉን ዕለት ነው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ይማራል። ሲመረቅም ስለ አክስለሬተር መማር እፈልጋለሁ እያለ አስጨንቋቸዋል። "ይሄ እንጀራ የሚሆን ነገር ነው? ወይ ሱቅ ይክፈት፣ ወይ ሌላ ሙያ ይያዝ በሉልኝ" አሉን። እኛ ያደግነው መድረሳ ነው፤ የቀራነውም ነሕውና ፊቅህ ነው። ስለ አክስለሬተር የምናውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። ቢሆንም "እሺ፣ ኢንሻአላህ" አልን። ሳያውቁ ለመምከር መቸኮል የቆየ በሽታችን ነው።

በማግስቱ ልጁን መስጂዱ በረንዳ ላይ አስቀመጥነውና፣ "እስቲ መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ንገረን" አልነው። ደብተሩን አውጥቶ ክብ ነገር ሳለ።

"ኡስታዝ፣ ይሄ አየሩ ተመጦ የወጣለት ቧንቧ ነው። ውስጡ ኤሌክትሮኖች እንደ መንጋ ተሰብስበው ይሮጣሉ። ፍጥነታቸው ከብርሃን ፍጥነት የሚያንሰው እጅግ በጥቂቱ ነው። ይሄን የሚሮጥ መንጋ ጨረር እንለዋለን" አለን።

ሩቅ አገር ያለ ነገር መስሎን ነበር። ለካስ ጆርዳን ውስጥ፣ ከአማን ሰሜን ምዕራብ፣ ዐላን በምትባል ቦታ አንድ አለ። ሴሳሚ ይባላል፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከአባላቱ መካከል ግብፅ፣ ኢራን፣ ፓኪስታን፣ ቱርክ፣ ፍልስጤም፣ ጆርዳን፣ ቆጵሮስና እስራኤል ይገኙበታል። በፖለቲካ እሳትና ጭድ የሆኑ አገሮች በአንድ ማሽን ላይ ተፈራርመዋል ማለት ነው። የቀለበቱ ዙሪያ 133 ሜትር ያህል ነው። ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ሰከንድ ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይዞሩታል። ሱብሓነላህ!

"ታዲያ ከግድግዳው ጋር እንዴት አይላተሙም?" አልነው።

"የኔ ፍላጎት እሱ ነው" አለ ፊቱ እየበራ። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን አቅጣጫው ከባልንጀራው በጥቂቱ ይለያል። ዝም ከተባሉ ተበትነው ያልቃሉ። ስለዚህ መነጽር ብርሃንን እንደሚሰበስብ፣ ማግኔቶች ጨረሩን ይሰበስቡታል። ሙያውም የጨረር ኦፕቲክስ ይባላል። ኦፕቲክስ ሲል ጆሯችን ቆመ። የባስራውን ሊቅ ኢብኑል ሀይሠምን "የኛ ነው" እያልን ስናወድስ ኖረናላ! ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ስለ ብርሃን ትልቅ ኪታብ ጽፏል። እኛ ግን ስሙን ከመጥራት አልፈን፣ ብርሃን እንዴት እንደሚታጠፍ ጠይቀን አናውቅም።

ልጁ ቀጠለ። መሰብሰቢያው ማግኔት አራት ዋልታ አለው። ችግሩ፣ ጨረሩን ከግራና ከቀኝ ሲሰበስበው ወደ ላይና ወደ ታች ይበትነዋል። የሚቀጥለው ማግኔት ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። አንዱ ሰብስቦ ሌላው ከበተነ ምን ተረፈ? ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። የማግኔቱ ጉልበት ከመሃል በራቀው ላይ ይበረታል፤ መሃል አጠገብ ባለው ላይ ይደክማል። ስለዚህ ጨረሩ ሰፍቶ ሲመጣ ሰብሳቢው፣ ጠቦ ሲመጣ በታኙ እንዲያገኘው በልክ ይደረደራሉ። መሰብሰቡ ከመበተኑ ይበልጣል፤ ድምሩም መሰብሰብ ይሆናል። ይህን ስሌት አንድም ማግኔት ሳይሠራ አስቀድሞ መጨረስ የኦፕቲክስ ነዳፊው ሥራ ነው።

ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ውስጥ ኩራንት፣ ሊቪንግስተንና ስናይደር የተባሉ ሊቃውንት ይፋ አደረጉት። ኋላ ሲታይ ግን ክሪስቶፊሎስ የሚባል ግሪካዊ መሐንዲስ ቀድሟቸው ደርሶበት ነበር። ሰውየው አቴንስ ውስጥ በሊፍት ሥራ ይተዳደር ነበር፤ ፊዚክሱን ያነበበው በራሱ ጊዜ ነው። "ለአባቴ ይሄን ንገሩልኝ" አለ ልጁ እየሳቀ።

እኛም ኸውፍና ረጃእ ትዝ አሉን። በማስፈራራት ብቻ የተያዘ ጀመዓ በሌላ በኩል ይበተናል፤ በተስፋ ብቻ የተያዘውም እንዲሁ። ሁለቱም በቦታቸው ሲሆኑ ሰው መንገዱ ላይ ይቆያል። ይህን ለሌላ ሰው ስናስተምር ኖረናል። ቀጥሎ የመጣው ግን እኛኑ ነካን።

"ቧንቧው ዝግ ነው። ጨረሩ መሃል መሃሉን እየሄደ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?" አልነው።

"ሁለት መንገድ አለ ኡስታዝ" አለ። "አንደኛው፣ መንገዱ ላይ የሚያበራ ሰሌዳ ይጋረጥበታል። ጨረሩ ሲመታው ያበራል፤ በካሜራ ይታያል። ቁልጭ ያለ ምስል ነው። ግን በቀለበት ውስጥ የሚዞረው ጨረር እዚያው ያበቃል። አየኸው ማለት አቆምከው ማለት ነው።"

"ሁለተኛውስ?"

"ቧንቧው ግድግዳ ላይ አራት ትንንሽ የብረት ቁልፎች ይተከላሉ፤ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ በሏቸው። ጨረሩ ሳይነካቸው በመሃላቸው ያልፋል። ሲያልፍ በኤሌክትሪክ ስሜቱ ይደርሳቸዋል፤ የቀረበው ቁልፍ ምልክቱ ይበረታል፣ የራቀው ይደክማል። የአራቱን ልዩነት በማስላት ጨረሩ ከመሃል በአንድ ሚሊ ሜትር ሽራፊ እንኳ ቢያፈነግጥ ይታወቃል። ጨረሩ ግን መንገዱን ይቀጥላል።"

እዚህ ላይ ዝም አልን። ልጁ ያልገባን መስሎት ደግሞ ሊያስረዳን ጀመረ። ገብቶን ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት በመስጂዳችን ሱብሒን ከመጀመሪያው ሶፍ የማይታጣ አንድ ወጣት ነበረ። ድንገት ሦስት ሳምንት ጠፋ። ጁሙዓ ቀን ስናየው፣ ሰው እንደተሰበሰበ፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ "የት ጠፋህ? ሱብሒ ላንተ ተነሳልህ እንዴ?" አልነው። ሰዎች ሳቁ። እሱም ፈገግ ብሎ አንገቱን ደፋ፤ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መስጂዳችንን አልረገጠም። ኋላ ስንሰማ እነዚያን ሌሊቶች ሆስፒታል ከእናቱ አልጋ ሥር ሲያድር ነበር። ኒያችን ክፉ አልነበረም፤ ልናውቅ ነበር የፈለግነው። ግን ሰሌዳውን መንገዱ ላይ ጋረጥንበት። በሱረቱል ሑጁራት ውስጥ የሰውን ነውር መከታተል መከልከሉን ለሕፃናት የምናስተምር ሰዎች ነን!

ልጁ የነገረንን ሁለት ታሪክ እንጨምርላችሁ። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር፣ ሰርን በተባለው ተቋም፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ሌፕ የሚባል ማሽን ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ጨረሩ አልዞር አለ። መሐንዲሶቹ የመለኪያዎቹን ምልክት ተከትለው የሚቆምበትን ቦታ ለዩ። ቧንቧው ሲከፈት ውስጡ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? ሁለት የቢራ ጠርሙሶች! ሳቅን፤ አስካሪ ነገር ማሽኑንም መንገድ አስቶታል ብለን። ቁም ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ጨረሩ በራሱ አልሰነፈም ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶበት ነው።

በዚያው ማሽን የጨረሩ ኃይል ከፍ ዝቅ እያለ አስቸግሮም ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ጨረቃ ሆና ተገኘች። ስበቷ ባሕሩን እንደሚያነሳ መሬቱንም በጥቂቱ ያነሳዋል፤ የ27 ኪሎ ሜትሩ ቀለበት በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ያጥራል። ሌላው ምክንያት በአቅራቢያው የሚያልፉት የኤሌክትሪክ ባቡሮች ነበሩ። የታወቀውም የፈረንሳይ ባቡር ሠራተኞች ሥራ ባቆሙበት ቀን ሁከቱ ሲጠፋ ነው። ምልክቱ ቀለበቱ ውስጥ ታየ፤ ሰበቡ ግን ሰማይ ላይና ሐዲድ ላይ ነበር። ሰውም እንዲሁ ነው። ጉድለቱ ሱብሒ ላይ ይታያል፤ ሰበቡ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፣ የሌሊት ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

መስጂድ ውስጥ ሽንቱን የሸናውን የገጠር ሰው ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሶሓቦች ሊያስቆሙት ተነሱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንዳያቋርጡት ከለከሏቸው፤ እስኪጨርስ ተውት። ከዚያ በቦታው ላይ ውሃ እንዲፈስ አዘዙ፤ ሰውየውንም በለሆሳስ አስተማሩት። ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ ደርስ ላይ እንዳነሳነው አላህ ያውቃል። እኛ ላይ ግን የሠራው አንድ የፊዚክስ ተማሪ ደብተር ላይ ክብ ሲስል ነው።

ባለፈው ሳምንት የዚያን ወጣት ቤት አንኳኳን። ከፈተልን፤ ቡና ተፈላ። እናቱ አኼራ መሄዳቸውን፣ ጀናዛቸውም በሌላ መስጂድ መሰገዱን ያወቅነው እዚያ ተቀምጠን ነው። አላህ ይዘንላቸው። እኛ ለጀናዛቸው አልነበርንም። "አውፍ በለን" አልነው። "አላህ ሁላችንንም ይማረን" አለ፤ ሌላ አልጨመረም። አሁንም የሚሰግደው በዚያኛው መስጂድ ነው። ለምን አልመጣህም ብለን አንጠይቀውም። እየሰገደ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ጨረሩ አልቆመም።

ወንድሞችና እህቶች፣ የጠፋ ሰው ስታዩ መጀመሪያ ስለ ቤቱ ጠይቁ፤ ብቻውን ጠይቁ፤ በጥቂቱ ጠይቁ። ያ ልጅ እንደነገረን፣ የተዛነፈ ጨረርም የሚቃናው በትንንሽ ማግኔቶች፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። በአንድ ጊዜ በኃይል የገፋው ሰው ራሱ ከግድግዳው ጋር ያላትመዋል።

ለአባትየውስ ምን አልን? ሆስፒታል ውስጥ ለካንሰር ሕመምተኞች ጨረር የሚሰጠው መሣሪያም የአክስለሬተር ዓይነት መሆኑን ነገርናቸው። ቀጥለንም፣ "ልጅዎን ልንመክር ሄደን ተመክረን መጣን። ተዉት፣ ይማር" አልን። ትንሽ አሰቡና፣ "እንጀራውስ?" አሉ። "ሪዝቁ ከአላህ ነው፤ ሰበቡን ደግሞ ይዟል" አልናቸው። ፊታቸው ገና አልተፈታም። ደግመን አልገፋናቸውም።

አላህ ነውራችንን ይሸፍንልን፤ የወንድሞቻችንን ነውር ሸፋኞች ያድርገን። በምላሳችን የራቀ ወንድምና እህት ካለ ልባቸውን ይመልስልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።