በበረዶ ላይ ወደ ካናዳ



በዛሬው ዝግጅታችን ከሀገራችን አየርም ሆነ ከኑሯችን እጅግ የራቀ ጉዞ ይዘን ቀርበናል። መጓጓዣው ፈረንጆች ስኖውሞቢል የሚሉት የበረዶ ሞተር ነው። ከፊቱ ሁለት ሸርተቴዎች፣ ከኋላው ደግሞ እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ቀበቶ አለው። ሰው እንደ ሞተር ብስክሌት ተፈናጦ በመሪ ይነዳዋል። ከዲሴምበር እስከ ማርች ባሉት ወራት ከአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች የሚነሱ ቤተሰቦችና ወጣቶች በዚህ ሞተር ደን ለደን እየተጓዙ፣ ድንበር ተሻግረው ወደ ካናዳ ይገባሉ፤ አራትና አምስት ቀን ሲዞሩ ይሰነብታሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ክረምት» የሚለውንም ቃል ሆን ብለን ትተነዋል፤ የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ፣ የእነሱ ግን በረዶና ውርጭ ነውና።)

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሳነውም። የእህቴ ልጅ በሜይን ክፍለ ግዛት ይኖራል። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ ጉዞ ወደ ኩቤክ ለማድረግ እየተዘጋጀ መሆኑን ለእናቱ በስልክ ሲነግራት፣ እህቴ ደንግጣ ላከችብኝ። «አንተ ጂኦግራፊ ታስተምር የለ? ና ቦታውን አሳየኝ» አለችኝ። ካርታውን ዘርግቼ ሳሳያት ግን የጠየቀችኝ ጥያቄ የጂኦግራፊ አልነበረም። «ይህ ልጅ ቢጠፋ ማን ያውቃል?» ነው ያለችው። ከዚያ ወዲህ ልጁም እዚያ፣ እኔም እዚህ ሆነን ስለ ዝግጅቱ ስንጠያየቅ ሰነበትን።

ብዙ ሰው ይህን ሞተር የሀብታም መጫወቻ ሆኖ የተፈጠረ ይመስለዋል። አመጣጡ ግን ሌላ ነው። ጆዜፍ አርማን ቦምባርዲዬ በ1907 በኩቤክ ቫልኩር በሚባል የገጠር አካባቢ የተወለደ መካኒክ ነበር። በዚያ ዘመን በረዶ ሲጥል የገጠሩ መንገድ ይዘጋል፤ መኪና ሁሉ እስኪቀልጥ ድረስ ቆሞ ይከርማል፤ የሚንቀሳቀሰው በፈረስ የሚጎተት ሸርተቴ ብቻ ነው። ቦምባርዲዬ በበረዶ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ለመሥራት ከልጅነቱ ጀምሮ ይደክም ነበር። በ1934 የሁለት ዓመት ልጁ ሆዱን ክፉኛ ታመመ። ሆስፒታል የሚያደርስ መንገድ አልነበረም። አባትየው የጀመረው ተሽከርካሪም ገና አልተጠናቀቀም። ሕፃኑ ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ቦምባርዲዬ ለቀበቶው አሠራር የፈጠራ መብት አገኘ፤ ሰባት፣ ቀጥሎም አሥራ ሁለት ሰው የሚይዙ ትልልቅ የበረዶ መኪናዎች ሠራ። እነዚህም ሐኪም፣ ፖስታና ተማሪ ማመላለሻ ሆኑ። ዛሬ ወጣቱ የሚነዳው ትንሹ ሞተር፣ ስኪዱ የተባለው፣ ለገበያ የቀረበው በ1959 ነው። ቦምባርዲዬ ከአምስት ዓመት በኋላ አረፈ።

ይህን ለእህቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «የእናትየዋን ስም አልጻፉትም?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ኩቤክ ውስጥ ለበረዶ ሞተር ብቻ የተዘጋጀው መንገድ ከ30 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንደ አውራ ጎዳና ቁጥር፣ የመታጠፊያ ምልክትና የፍጥነት ወሰን አለው፤ በሕጉ መሠረት ከፍተኛው በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ሁሉ የሚጠብቁት ደግሞ በየመንደሩ የተቋቋሙ ክበቦች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ አባላት ያለ ክፍያ የሚሠሩ ናቸው። ሌሊት ሌሊት መንገዱን በከባድ ማሽን እየደመደሙ ያስተካክላሉ። ማንኛውም ተጓዥ፣ የውጭ ሰውም ቢሆን፣ የመንገድ ፈቃድ መግዛት ግዴታው ነው፤ ገንዘቡ ለዚሁ ሥራ ይውላል። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ። መንገዱ ብዙ ቦታ ላይ የሚያልፈው በገበሬ ማሳ ውስጥ ነው፤ ገበሬው በፈቃዱ ነው ያሳለፈው። አንድ ወጣት ለመዝናናት ብሎ ከመንገዱ ወጥቶ ማሳውን ቢያበላሽ፣ ባለ መሬቱ ፈቃዱን ያነሳል፤ በዚያም የሁለት ከተማ መገናኛ ይቆረጣል። የሰው ሐቅ ማለት በተግባር ይህ ነው።

ልጁና ጓደኞቹ የመረጡት መነሻ ጃክማን የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ሞተሮቹን በተጎታች ጭነው እስከዚያ በመኪና ይሄዳሉ። ጎዳናው 201 ቁጥር ሲሆን «የድሮው የካናዳ መንገድ» ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የኩቤክ ገበሬዎች ድህነት ሲያንገላታቸው ወደ ሜይን ተሰደው እንደ ሉዊስተን ባሉ ከተሞች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥረዋል። ከልጁ ጓደኞች አንዱ የእነዚያ ስደተኞች የልጅ ልጅ ነው። አሁን በዚያው በኩል አያቶቹ ወደ ተነሱበት፣ ቦስ ወደሚባለው ሸለቆ ሊመለስ ነው፤ ሌላው ጓደኛቸው ሶማሊያ ተወልዶ እዚያው ሉዊስተን ያደገ ነው። ሦስት የስደተኛ ልጆች በአንድ በረዶ!

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ እርሱም ድንበሩ ነው። የአሜሪካና የካናዳ ድንበር 8,891 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። አብዛኛው አጥር የለውም። በደን ውስጥ ስድስት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዛፍ የተመነጠረበት መስመር ብቻ ነው የሚታየው። በረዶ ሲለብስ ደግሞ ለሞተር የተሠራ መንገድ ይመስላል። ሰው ታዲያ «ማን ያየኛል» ብሎ ወይም ሳያውቅ ሊያልፈው ይችላል። በ2018 አንዲት ፈረንሳዊት በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በባሕር ዳርቻ ስትሮጥ ሳታውቅ ወደ አሜሪካ ምድር ገብታ ሁለት ሳምንት ታስራለች። እሷ የያዘችው የፈረንሳይ ዜግነት ነበር። የስደተኛ ወረቀት የያዘ የእኛ ልጅ ቢሆን ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ተጓዥ በተፈቀደው የጉምሩክ ኬላ አልፎ ወዲያውኑ ራሱን ማስመዝገብ አለበት። ኬላው ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ካናዳ በጃንዋሪ 2025 የ35 የየብስ ኬላዎችን የሥራ ሰዓት ቀይራለች። የቆየ ካርታ ላይ «ክፍት» የተባለ ኬላ ከጨለመ በኋላ ተዘግቶ ቢገኝ፣ ዘበኛ እንኳ በሌለበት ደን ውስጥ ማደር ሊመጣ ነው። በኒው ብረንስዊክ በኩል የሚያልፉትም ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት መግፋት እንዳለባቸው አይርሱ፤ የሜይንና የኩቤክ ሰዓት አንድ ሲሆን የእነዚያ ግን ይቀድማል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ዜጋ ፓስፖርት ወይም የፓስፖርት ካርድ ይዞ ይመለሳል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ወደ ካናዳ ለመግባት ቪዛም ሆነ የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ጊዜው ያላለፈ ግሪን ካርድና ጊዜው ያላለፈ የዜግነት ሀገሩን ፓስፖርት፣ ሁለቱንም፣ ማሳየት ይኖርበታል። የእህቴ ልጅ የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ግሪን ካርዱን በኪሱ ይዞ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ግን ከመሳቢያ አውጥቶ አይቶት አያውቅም ነበር። ከፍቶ ሲያየው ጊዜው አልፏል። ጓደኞቹ «በደኑ በኩል ማን ይጠይቅሃል?» አላሉትም፤ ይህን ለክብራቸው እናገራለሁ። ጉዞውን ለእርሱ ሲሉ ወደ ፌብሩዋሪ አራዘሙት። የጥገኝነት ማመልከቻቸው ገና ያልተወሰነላቸው ወገኖቻችን ግን ጉዳዩ ከዚህም ይከብድባቸዋል። ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ከአሜሪካ መውጣት ማመልከቻውን እንደተወ ሰው ሊያስቆጥር ስለሚችል፣ ለአምስት ቀን ሽርሽር የዓመታት ልፋት የሚሰጥ ሰው አይኑር እንላለን።

የሞተሩ የምዝገባ ወረቀትና የመድን ማስረጃም አብሮ ይያዛል። የኩቤክ ሕግ ቢያንስ የአንድ ሚሊዮን ዶላር የሦስተኛ ወገን መድን ይጠይቃል። ሞተሩ የኪራይ ከሆነ ከአከራዩ ድንበር ለማሻገር የሚፈቅድ ደብዳቤ መቀበል ያስፈልጋል። ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ፣ ሌላው ወላጅ አብሮ ካልሆነ፣ የፈቃድ ደብዳቤ ቢይዝ ይበጀዋል። የጤና መድኑ በካናዳ ይሠራ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅም አይከፋም።

ከድንበሩ ቀጥሎ የሚያሰጋው ውኃ ነው። በጃንዋሪ 2020 ስምንት ፈረንሳውያን ጎብኚዎች ከአንድ መሪ ጋር በኩቤክ ላክ ሴን ዣን በተባለው ሐይቅ አካባቢ በምሽት ይጓዙ ነበር። ምልክት ከተደረገበት መንገድ ወጥተው፣ ወንዙ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ ሲያልፉ ግግሩ ተሰበረ። መሪውና አምስቱ ጎብኚዎች ሞቱ፤ ሦስቱ ተረፉ። በላዩ ነጭ በረዶ የተኛበት ሐይቅ ሁሉ ሜዳ ይመስላል። ከሥሩ ውኃ የሚንቀሳቀስበት ቦታ፣ ማለትም የወንዝ መግቢያና መውጫ፣ ድልድይ ሥር፣ ምንጭ ያለበት፣ ግግሩ ስስ ነው። በሜዳማው ሐይቅ ላይ እንኳ ጥርት ያለ አዲስ ግግር ለእግረኛ 10፣ ለሞተር ደግሞ ከ13 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይገባል ይላሉ አዋቂዎቹ። ከ2023 ወደ 2024 የተሻገረው የበረዶ ወቅት ደግሞ በካናዳ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ነበር። አምና በዚህ አልፌያለሁ የሚለው ሰው ቃል እንደ ድሮው አይታመንም። ሦስቱ ወጣቶች በቀን መጨረሻ ደክሟቸው ሐይቁን ቆርጠው ቢያልፉ አንድ ሰዓት እንደሚያተርፉ ካርታው ያሳያቸዋል። ከአሁኑ ተማምለዋል፤ ምልክት የሌለበት ግግር ላይ አይወጡም፤ ከሦስቱ አንዱ «አይሆንም» ካለ ሁለቱ አይከራከሩትም።

ብርዱን በቁጥር ልንገራችሁ። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 20 ሲያሳይ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ፊቱን የሚገርፈው ንፋስ ከዜሮ በታች 36 ያህል ሆኖ ይሰማዋል። ከውስጥ የጥጥ ልብስ አይለበስም፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛልና ሱፍ ይመረጣል። የሞተሩ ነዳጅ መያዣ 40 ሊትር አካባቢ ስለሆነ ማደያዎቹ በካርታ ላይ አስቀድመው ይቆጠራሉ።

መንገድ ላይ ያሉት ማረፊያ ቤቶች እሳታቸው ሞቅ ያለ፣ ሰዎቹም ደግ ናቸው ይላሉ። ሙስሊም ተጓዥ ግን ምግቡን ይጠይቅ። የኩቤክ የአተር ሾርባ ሲያዩት የጾም ሽሮ ይመስላል፤ በባህሉ የሚቀቀለው ግን ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው። ባቄላቸውም የአሳማ ስብ ይገባበታል። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ድንችና የሜፕል ማር ያለ ችግር ይገኛል፤ እርሱም በምን ዘይት እንደተጠበሰ ከተጠየቀ በኋላ። በጃንዋሪ ፀሐይ በኩቤክ ከተማ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ዙህርና ዐስር በጣም ስለሚቀራረቡ ለምሳ የሚቆሙበትን ቦታ ከሶላት ጋር አስማምተው መርጠዋል። በ2025 እና በ2026 ረመዳን የገባው በዚሁ የበረዶ ወራት ውስጥ ስለነበር፣ የጉዞ ቀን የሚቆርጥ ሰው ሁለቱንም የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ቢያይ ይሻለዋል።

የእህቴ ጥያቄ ቀርቷል፤ «ቢጠፋ ማን ያውቃል?» የሚለው። በደኑ ውስጥ ለረጅም ርቀት የሞባይል ኔትወርክ የለም። ስለዚህ በሳተላይት መልእክት የምትልክ ትንሽ መሣሪያ ተከራይተዋል። የየቀኑን መንገድ፣ የሚያድሩበትን ቤት ስልክና የሚደርሱበትን ሰዓት ጽፈው ሜይን ላለች የአንደኛው ሚስትና ለእኔ ልከዋል። ከተባለው ሰዓት ሦስት ሰዓት ካለፈ ፖሊስ የምትደውለው እሷ ናት። ለእናትየው ደግሞ ልጁ በየማታው፣ ሞተሩን እንዳጠፋ፣ ይደውላል። ሁለቱ ሀገሮች በስምንት ሰዓት ስለሚራራቁ፣ እነሱ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲገቡ እዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። «አትጨነቂ፤ ጠዋት እደውልልሻለሁ፤ ተኚ» ቢላት እሺ አላለችም። ስልኩን ትራስጌዋ አድርጋ፣ ቻርጀሩን እኔ እንድገዛላት አዛኛለች።